የውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯና ጀልባዋ

በየቤቱ አንድ አስገቢ አለ። ቤቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቤተሰቡ ይዋደድ ወይም ይነታረክ፣ አስገቢ የሌለበት ቤት እስካሁን አልታየም። አስገቢ ማለት ውጭ የተቀመጠ ዕቃ ሲያይ ሆዱ የሚባባ ሰው ነው። ወንበር በረንዳ ላይ ከረሳችሁ ያስገባዋል። ብስክሌት አጥር ላይ ካስደገፋችሁ ያስገባዋል። ሰማዩ ታጥቦ የተወለወለ ብርጭቆ መስሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ አስገቢው አንገቱን በመስኮት ያወጣና ግራ ቀኙን ቃኝቶ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላል። ዝናቡ አይመጣም። ዕቃው ግን ገብቷል።

በልብስ ሰፊው ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት አማቱ ናቸው። ልብስ ሰፊው በሌሉበት «ክብርት የውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር» ይላቸዋል። ክብርት ሚኒስትሯ ልጃቸው ባገባች በሁለተኛው ዓመት «ለሁለት ሳምንት ነው የመጣሁት» ብለው ሻንጣቸውን አስገቡ። ይኸው ስድስት ዓመት ሞላ፤ ሻንጣው አልወጣም።

በእነዚህ ስድስት ዓመታት ልብስ ሰፊው በወጉ የደረቀ ካልሲ አጥልቆ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ላይ የተሰጣ ልብስ አራት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ደረቀም አልደረቀም። ከዚያ በኋላ ሶፋው ላይ፣ በበሩ እጀታ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ይንጠለጠላል። በዚያ ቤት ዜና የሚያነበው ሰውዬ ሁልጊዜ ግማሽ ፊቱ በሸሚዝ እጅጌ እንደተጋረደ ነው።

የሚኒስትሯ ሥልጣን በአጥር አይገደብም። ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ መምህርት አንድ ጊዜ ሁለት አንሶላ ጠፋብኝ ብለው ሰፈሩን ሲያካልሉ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን አንሶላዎቹ ተተኩሰው፣ በአራት ታጥፈው፣ በሚኒስትሯ እጅ ተመለሱላቸው። መምህርቷ እስከ ዛሬ «እንዲህ ያለውን ሌባ ዕድሜውን ያርዝምልን» ይላሉ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢውም አንድ ቀን ደጅ ቆሞ ሲጽፍ ተይዞ ገብቷል። ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ልጆቹ ተጠይቆ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ ተመክሮ፣ ቆጣሪውን ሳያነብ ሄደ።

ቤቱን ሊቀባ የመጣው ቀለም ቀቢ ግን እንደ መምህርቷ አልሳቀም። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጠርዙን ሲቀባ ቆይቶ፣ ሊወርድ እግሩን ቢዘረጋ መሰላሉ የለም።

«መሰላሌን ማን ወሰደው?» ብሎ ጮኸ።

«አስገብቼዋለሁ» አሉ ሚኒስትሯ ከታች ሆነው። «ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«እማማ፣ እኔም እኮ ውጭ ነኝ!»

«ታዲያ ውረድና ግባ! ማን ከለከለህ?»

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ችሎ ኖረ። ካልሲ ነው፣ መሰላል ነው፣ ያልፋል። ነገር የመጣው ጀልባዋ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊው ከአባቱ የወረሰው ሁለት ነገር ነው፤ ትልልቅ ጆሮና አንዲት ጀልባ። ጆሮዎቹን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ በጀልባዋ ግን ይኮራል። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከሐይቁ ማዶ ወዲህ፣ ከወዲህ ማዶ ሲያሻግርባት የኖረ፣ አምስት ሜትር የምትሆን ሰማያዊ የእንጨት ጀልባ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰው የልብስ ሰፊው ጀርባ የሚቃናው እሑድ እሑድ እሷን ሲቀዝፍ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሳይሸፍናት ትቷት፣ ዝናብ ውስጧ ተኝቶ ከርሞ አንድ ሳንቃ በሰበሰ። ሳንቃውን የለወጡት ሽማግሌ አናጢ እጃቸውን እያበሱ «አንድ እንዲህ ያለ ክረምት ከደገምካት ማገዶ ናት» አሉት። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሐይቁ ዳር ዘበኛ እንደ ወትሮው ለባለጀልባዎች ሁሉ አስታወቀ። ውኃው ሊሞላ፣ ማዕበሉ ሊበረታ ስለሆነ ትንንሽ ጀልባዎች ለሦስት ወር ከውኃ ይውጡ። ማስቀመጫው ሁለት ነው፤ አንደኛው በሽቦ የታጠረው ሜዳ፣ ሁለተኛው ጥጥ ይከማችበት የነበረው የቆርቆሮ መጋዘን።

«መጋዘን ላስገባት ወይስ ሜዳው ላይ ላቁማት እያልኩ ነው» አለ ልብስ ሰፊው እራት ላይ። የተናገረው ለሚስቱ ነበር።

«ወይስ?» አሉ ሚኒስትሯ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «ምን ወይስ አለው? ሰው ንብረቱን ሦስት ወር ውጭ ያሳድራል?»

«እማማ፣ ጀልባ እኮ ናት። ኑሮዋ ውኃ ላይ ነው። ዝናብ ምን ያደርጋታል?»

«አንተስ ገላህን ትታጠብ የለ? ታዲያ ዝናብ ላይ ትተኛለህ?»

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያማርር ሳትስቅ የምትሰማ ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን ፊቷን ሳህኗ ላይ ደፋች። ትከሻዋ አሳበቀባት።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊውና ሚኒስትሯ መጋዘኑን ሊያዩ ሄዱ። ባለመጋዘኑ ሦስት ቁልፍ ከፍቶ አስገባቸው። ሚኒስትሯ ገና ከበሩ ፊታቸው በራ። ግድግዳ አለ። ጣሪያ አለ። በር አለ፤ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። ሲሚንቶውን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «ቤት ማለት ይሄ ነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ግን አምስት ደቂቃ ሳይቆም ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። ቆርቆሮው የዋለበትን ፀሐይ ቁልቁል ይተፋዋል። ጥግ ላይ አንዲት አሮጌ ጀልባ ቆማ ነበር። ጠጋ ብሎ ቢያያት በሳንቃዎቿ መሀል ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ይታያል።

ከመጋዘኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አናጢው ሄደ። ሽማግሌው አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«እንጨት እኮ ነው!» አሉት። «ውኃ የለመደ እንጨት እንደዚያ ያለ ምድጃ ውስጥ ሦስት ወር ስታቆመው ይደርቃል፣ ሳንቃው ከሳንቃው ይሸሻል! መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ስትከታት ወንፊት ሆና ታገኛታለህ! ሜዳው ላይ አቁማት፤ ከመሬት ከፍ አድርጋት፤ ግን አልብሳት! ነፋስ የሚያስገባ፣ ዝናብ የማያስገባ ሸራ አልብሳት! ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ይዞ ቤት ገባና አንድ ባንድ አስረዳ። ሚኒስትሯ አቋርጠው አያውቁም፤ ሰምተው ሲጨርሱ ነው የሚያፈርሱት።

«መጋዘኑ ይሞቃል ነው የምትለኝ?»

«ይሞቃል፣ እማማ።»

«ጥሩ። የኛ ሳሎን አይሞቅም።»

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አያት። ሚስቱ ጣሪያውን አየች።

«እማማ፣ ጀልባዋ አምስት ሜትር ናት። ሳሎኑ አራት ነው።»

«ለክቻለሁ» አሉ ሚኒስትሯ። የእሱን የልብስ መለኪያ ሜትር ከኪሳቸው አወጡ። «ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። መስኮቱ ይነቀላል። አፍንጫዋ በመስኮት ትንሽ ብቅ ይላል እንጂ ሌላው ሁሉ ይገባል። ብቅ ያለውን ፕላስቲክ እናለብሰዋለን።»

«እኛስ የት እንቀመጣለን?» አለች ልጃቸው።

«ጀልባዋ መቀመጫ የላትም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሜዳው ላይ ትቆማለች! የአባቴ ጀልባ ናት። እኔ ወስኛለሁ።»

ሚኒስትሯ ሜትሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እሺ» አሉ።

ያን ማታ ሚስቱ በሹክሹክታ «እማዬ እሺ ብላ አታውቅም እኮ» አለችው። «ምን ልታደርግ ይሆን?»

ልብስ ሰፊው ጭንቀቱን ሥራው ላይ ተወጣው። ጀልባዋን እንደ ደንበኛ ለካት፤ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ። ወፍራም ሸራ ቆረጠ። ለሱቁ ደንበኞች «ሱሪዎት ለሳምንት ይደርሳል» እያለ ዘጠኝ ቀን ሰፋ። ስፌቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ደረበበት። በሁለቱም ጫፍ ነፋስ የሚገባበት፣ በላዩ ግን ዝናብ የሚመልስ እንደ ኮሌታ የታጠፈ ቀዳዳ አወጣለት። ሲያለብሳት አንድም የተጨማደደ ቦታ የለ፤ ልክክ። ዘበኛው ዞሮ ዞሮ አያትና «ሙሽራ አስመሰልካት» አለው። ሌሎቹ ባለጀልባዎች ስፌቱን በእጃቸው እየዳሰሱ እንዴት እንደሰፋው ጠየቁት። ልብስ ሰፊው በዚያ ሳምንት ጆሮዎቹም ያማሩ መሰለው።

ከዚያ ዝናቡ የምር መጣ።

በክረምቱ በሁለተኛው ሳምንት ሚኒስትሯ ጠዋት ጠዋት ከቤት መውጣት ጀመሩ። ይህ በራሱ ዜና ነበር። ጃንጥላ ይይዛሉ፣ የላስቲክ ጫማ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ።

«የት ነው እማዬ?» አለች ልጃቸው።

«የታመመች ወዳጅ አለችኝ። ልጠይቃት ነው።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

ሚኒስትሯ ትንሽ አሰቡ። «ሆዷ ውኃ ይቋጥራል።»

ፋርማሲስቷ ክው አለች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ከባድ በሽታ ነው! ጉበት ሊሆን ይችላል። ሐኪም አይቷታል?»

«ሐኪም አያስፈልጋትም። እኔው አወጣላታለሁ።»

«ምኑን?»

«ውኃውን ነዋ!» ብለው በሩን ዘግተው ሄዱ።

ባልና ሚስቱ ያን ሰሞን በጣም ተጨነቁ። ሚስት ስለ ታማሚዋ፣ ባል ስለ አማቱ አእምሮ። አንድ ጠዋት ደግሞ ልብስ ሰፊው በመስኮት ሲያያቸው በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ አየ። በመጥረጊያ የሚጠየቅ ምን ዓይነት በሽተኛ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ቢያስብ አልመጣለትም።

አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው የስፌት መኪናው ድምፅ አልሰማ አለ። ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው አነሳ። መርፌው የአንድ ሰው ሱሪ ላይ እንደተሰካ ተወው። እሮጣለሁ ሲል ጃንጥላውን ረሳ፤ እመለሳለሁ ሲል ረፈደበት፤ እንዲያው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ከዓሣ አይሻልም ነበር።

ዘበኛው ከማረፊያው አንገቱን አወጣና «አትሩጥ፣ ሰው አለ» አለው።

«የት?»

«ጀልባህ ውስጥ። ሴትዮዋ። በየቀኑ ይመጣሉ እኮ፤ አታውቅም?»

ልብስ ሰፊው የሸራውን ጫፍ ፈታና ገልጦ አየ። ክብርት የውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የአባቱ መቅዘፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አሰልፈውታል። ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው መጥረጊያውን ገልብጠው ይዘዋል።

«ግባ፣ ግባ! ምን ደጅ ቆመህ ትበሰብሳለህ?» አሉት።

ገባ። ያን ጊዜ ቀና ሲል አየው። ያ ዘጠኝ ቀን የሰፋው፣ ሰው ሁሉ ያደነቀው፣ ልክክ ያለው ሸራ፣ መሀሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጀልባዋን እንደ ሰው ነበር የለካት። ሰው ይቆማል፤ ዝናቡ ከትከሻው ላይ ይወርዳል። ጀልባ ግን ጋደም ያለች ናት። ሸራው ተዳፋት አልነበረውም፤ ዝናቡ የሚሄድበት አጥቶ መሀል ላይ ይጠራቀማል። ትንሽ ቢቆይ ወይ ስፌቱ ይተረተራል፣ ወይ ያ ሁሉ ውኃ አንድ ጊዜ ውስጧ ይገለበጣል። ከዚያም የሳንቃ መበስበስ ነው።

ሚኒስትሯ ተነሥተው የመጥረጊያውን እጀታ ሸራው ሆድ ላይ ደገፉና ወደ ላይ ገፉት። ውኃው በሁለቱም ጎን እየተንዶቆዶቀ ወረደ።

«ይኸውልህ» አሉ። «በየግማሽ ሰዓቱ ነው። ሲያካፋ በየሰዓቱ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ምን ብዬ?»

«ሸራው ተበላሽቷል ብለው። ውጭ አትተዋት ብዬህ አልነበረም ወይ ብለው።»

«እሱን ልልህ ነበር የመጣሁት» አሉ ሚኒስትሯ፣ ሳይዋሹ። «የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ለት። ገና ከቤት ስወጣ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። እዚህ ስደርስ ዘበኛውና ሁለት ሰዎች ቆመው ስፌትህን ሲያደንቁ አገኘኋቸው። ‹ይሄ ልጅ እጁ ወርቅ ነው› ይባባላሉ። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ ሆዱን አየሁት። እና… ምን ልበል? እነሱ ፊት?»

ልብስ ሰፊው እጁን አንሥቶ እርጥቡን ስፌት ዳሰሰ።

«ቤት መጥቼም ልናገር አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ተናድዶ መጋዘን ያስገባታል አልኩ። አናጢውን ጠይቄዋለሁ፤ ጆሮዬን አደነቆረኝ እንጂ አስረድቶኛል። መጋዘኑ አይሆንም። ሳሎኑም…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳሎኑም ትንሽ ይጠብ ነበር። ውጭ መሆኗ ልክ ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ያሏት ወደ ሐይቁ ዞረው ነው። ልብስ ሰፊው ግን ጆሮው ትልቅ ነው፤ ሰማ።

መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበለና በተራው ገፋ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ያህል እየተቀባበሉ ተቀመጡ። በመሀል ሚኒስትሯ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው ለሁለት ገመሱ። ስለ አባቱ ጠየቁት። ስንት ሰው ይጭን ነበር? ማታ ማታ ይፈራ ነበር ወይ? በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ አባቱ ጠይቀውት አያውቁም፤ እሱም ነግሯቸው አያውቅም። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ጥቂት ቆዩ።

ከሰዓት አናጢው መጡና ከጀልባዋ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከሸራው ሥር፣ ቤት ጣሪያውን እንደሚሸከምበት ያለ አግዳሚ እንጨት አቆሙ። ሸራው መሀሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ተዳፋት ያዘ። «ይሄን ልነግርህ ረስቼ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። በሽተኛዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ አልቋጠረችም። ሚኒስትሯ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ መጠየቃቸውን አላቋረጡም፤ አንዳንዴም ልብስ ሰፊው አብሯቸው ይሄዳል። የደንበኞቹ ሱሪ በዚያ ክረምት ሁሉ ዘገየ።

ክረምቱ ሲወጣ ሸራውን ገፈፉት። አንድም የበሰበሰ ሳንቃ የለም፤ አንድም የሸሸ የለም። ውኃ ላይ ባወረዷት ቀን ያስገባችው ሁለት ኩባያ የማይሞላ ውኃ ነበር፤ በማግሥቱ እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ እሱም ቆመ።

እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሚኒስትሯ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በጀልባ ውኃ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ሌላው ሲዝናና ዳር ቁጭ ብለው ዕቃ ይጠብቃሉ። ያን ቀን ግን ልብስ ሰፊው እጁን ዘረጋላቸው። እጁን አዩት፣ ውኃውን አዩት፣ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ሁለቱንም ጠርዝ አንቀው ያዙ።

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ቀዘፈ። ዳሩ ራቀ። ወሬ ቢያመጣ ይሻላል ብሎ፣ ስድስት ዓመት የደበቀውን ነገራቸው። «እማማ፣ በሌሉበት ማን እንደምልዎት ያውቃሉ? የውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር።»

ሚኒስትሯ ዘወር ብለው አዩት። «ታዲያ መኪናዬ የታለ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ውኃው ዞሩ። አንዱን እጃቸውን ከጠርዙ ላይ አነሱ። ቆይተው ሌላውን። ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ። ነፋሱ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ ሲገፈው አልመለሱትም።

ከዳር ሚስቱ የምሳውን ዘንቢል ወደ ላይ እያነሣች ትጣራለች። የልብስ ሰፊው መዳፍ ከክረምቱ ሥራ ፈትነት የተነሣ ተልጦ ነበር፤ ክንዱም ዝሏል።

«እማማ፣ ልጅዎ እየጠራችን ነው። እንግባ?»

ሚኒስትሯ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ሐይቁ መሀል እያዩ ነበር። ዞሩና ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበው «ብሉ!» ብለው ወደ ዳሩ ጮኹ። «አትጠብቁን! ብሉ!»

ልብስ ሰፊው የተላጠ መዳፉን በሱሪው ጠረገና የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዶ መለሰ።